የጎማ ድምፅ፦ ከየት ይመነጫል? እንዴትስ ይቀነሳል?

እ.ኤ.አ. በ2014 በተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የተጓዘ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። የክፍያ ጣቢያው ታልፎ ፍጥነት እየጨመረ ሲሄድ የሞተሩ ድምፅ ቀስ በቀስ ይዋጥና፣ በምትኩ ከወለሉ ሥር የሚመጣ ወጥ የሆነ ጉርምርምታ መኪናውን ይሞላዋል። አጠገብ የተቀመጠን ሰው ለማነጋገር ድምፅን ከፍ ማድረግ፣ ሬዲዮ ለማዳመጥም መጨመር የግድ ይሆናል። እኛም ለብዙ ጊዜ እንዲሁ ስናደርግ ቆይተናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን በሬዲዮ የሸፈንነው ድምፅ ለከፋ አደጋ ሊዳርገን የተቃረበ የብልሽት ምልክት እንደ ነበር ተረዳን። ወደዚህ ታሪክ ኋላ ላይ እንመለሳለን።

በዚህ ጽሑፍ የጎማ ድምፅ እንዴት እንደሚፈጠር፣ የትኛው ድምፅ የተለመደ፣ የትኛው ደግሞ የአደጋ ምልክት እንደ ሆነ፣ እንዲሁም ድምፁን ለመቀነስ ምን ማድረግ እንደሚቻል በፊዚክስ ዓይን እንመለከታለን። የሚያስፈልገን ዕውቀት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚያልፍ አይደለም።

ሞተር ወይስ ጎማ?

ብዙ ሰው የመኪና ድምፅ ሲባል የሞተር ድምፅ ይመስለዋል። መኪናው ከቆመበት ሲነሣ ወይም ዳገት ሲወጣ ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ አንድ የቤት መኪና በሰዓት ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ካለፈ በኋላ፣ ከጎማና ከመንገድ ንክኪ የሚመነጨው ድምፅ ከሞተሩ ድምፅ ይበልጣል። በከባድ የጭነት መኪናዎች ይህ ወሰን ከፍ ብሎ በሰዓት ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደረስ ደግሞ መኪናው አየሩን ሰንጥቆ ሲያልፍ የሚፈጠረው የነፋስ ድምፅ ይታከልበታል።

ይህ ጉዳይ ለሀገራችን ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ የሚጠቅም ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ቁጥር በመንገዶቻችን ላይ ጨምሯል። እነዚህን መኪናዎች የገዙ ሰዎች በከተማ ውስጥ በጸጥታቸው ይደነቃሉ፤ ከከተማ ሲወጡ ግን ያው የለመዱት ጉርምርምታ ይጠብቃቸዋል። አንዳንዶችም መኪናው የተበላሸ ይመስላቸዋል። የሆነው ግን ሌላ ነው። ሞተሩ ዝም ስላለ ቀድሞም የነበረው የጎማ ድምፅ ጎልቶ ተሰማ። ባትሪው የመኪናውን ክብደት ስለሚጨምረውም በጎማው ላይ የሚያርፈው ጫና ከፍ ይላል።

የአውሮፓ ኅብረት ሕግም ይህንኑ ያመለክታል። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ሞዴሎች በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ሲጓዙ እግረኛን የሚያስጠነቅቅ ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያሰሙ ተደንግጓል። ከዚያ ፍጥነት በላይ ግዴታው አይጸናም፤ ጎማው ራሱ መምጣቱን ያስታውቃልና።

የዴሲቤል ሒሳብ

የድምፅ መጠን የሚለካበት ዴሲቤል እንደ ሜትር ወይም እንደ ኪሎ ግራም በቀጥታ የሚደመር መለኪያ አይደለም። መሠረቱ ሎጋሪዝም ነው። የድምፁ ኃይል 2 እጥፍ ሲሆን ልኬቱ በ3 ዴሲቤል ያህል፣ 10 እጥፍ ሲሆን ደግሞ በ10 ዴሲቤል ይጨምራል። ጆሯችን በበኩሉ የ10 ዴሲቤልን ጭማሪ የሚረዳው በግምት ድምፁ እጥፍ እንደ ሆነ አድርጎ ነው።

ይህ ሒሳብ ሁለት ጠቃሚ ውጤቶች አሉት። ለምሳሌ በአንድ ፍጥነት የሞተሩ ድምፅ 60፣ የአራቱ ጎማዎች ድምፅ በጠቅላላ 70 ዴሲቤል ነው እንበል። የሁለቱ ድምር 130 ሳይሆን 70.4 ዴሲቤል ነው። እንግዲህ ሞተሩን ፈጽሞ ብናጠፋው የምናተርፈው 0.4 ዴሲቤል ብቻ ሲሆን፣ ይህን ልዩነት ማንም ጆሮ አይለየውም። ድምፅን ለመቀነስ ምንጊዜም መጀመር ያለብን ከሁሉ ከሚበልጠው ምንጭ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ውጤት ስለ ጎማዎቹ ነው። አራቱም እኩል የሚጮኹ ቢሆንና አንዱን ብቻ ፈጽሞ ዝም ብናሰኘው፣ ከአራት እጅ ሦስቱ ይቀራል፤ ቅናሹ 1.2 ዴሲቤል ያህል ነው። በተቃራኒው እያንዳንዳቸው 60 ዴሲቤል ከሚያሰሙ አራት ጎማዎች አንዱ ተበላሽቶ 70 ቢደርስ፣ ጠቅላላው ድምፅ ከ66 ወደ 71 ዴሲቤል ይዘላል። ባጭሩ አንድ አዲስ ጎማ መኪናውን ጸጥ አያሰኘውም፤ አንድ የተበላሸ ጎማ ግን የሦስቱን ደኅንነት ዋጋ ያሳጣል።

ጎማ እንዴት ድምፅ ያወጣል?

የሚሽከረከር ጎማ በአንድ ጊዜ በብዙ መንገድ ድምፅ ይፈጥራል። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

1. ምት። የጎማው ጥርሶች ተራ በተራ መሬቱን ይመታሉ። ምቱ የጎማውን ገላ ያንቀጠቅጠዋል፤ የተንቀጠቀጠው ገላም በዙሪያው ያለውን አየር ያንቀሳቅሳል። ልክ 195/65 አር 15 የሆነ ጎማ እንውሰድ። ዙሪያው 2 ሜትር ያህል ነው። መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 22.2 ሜትር ሲጓዝ ጎማው በሰከንድ 11 ጊዜ ያህል ይዞራል። በዙሪያው 70 ጥርሶች በእኩል ርቀት ቢደረደሩ ምቶቹ በሰከንድ ወደ 780 ይሆናሉ። ይህ ድግግሞሽ ጆሯችን በሚገባ በሚሰማው ክልል ውስጥ ስለሚገኝ መኪናው እንደ ፉጨት ባለ አንድ ቃና በጮኸ ነበር። ይህን ለማስወገድ አምራቾች ጥርሶቹን ሆን ብለው በተለያየ ርዝመት ይሠሯቸዋል። አንባቢው የመኪናውን ጎማ ቀረብ ብሎ ቢመለከት ርዝመታቸው እንደማይመሳሰል ያያል። ይህ ዘዴ የድምፁን ኃይል አያጠፋውም፤ በብዙ ድግግሞሾች ላይ በትኖ ከአሰልቺ ፉጨት ወደ ወጥ ሹክሹክታ ይለውጠዋል እንጂ።

2. የአየር መጨመቅ። በጥርሶቹ መካከል ባሉት ቦዮች ውስጥ ያለው አየር ጎማው መሬት ሲረግጥ ተጨምቆ ይወጣል፤ ጎማው ሲነሣ ደግሞ ተስቦ ይገባል። መዳፍን ጎድጎድ አድርጎ ማጨብጨብ መዳፍን ዘርግቶ ከማጨብጨብ የተለየ ድምፅ የሚሰጠው በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

3. መያዝና መንሸራተት። ጥርሶቹ መሬቱን ሲረግጡ በጥቂቱ ይለጠጣሉ፤ ሰበቃው ሲሸነፍ ይንሸራተታሉ፤ ወዲያው እንደገና ይይዛሉ። በስለታማ ኩርባ ወይም በለሰለሰ የሕንፃ ውስጥ ማቆሚያ ወለል ላይ የምንሰማው ሲጥ የሚል ጩኸት ከዚህ የመጣ ነው። የማሲንቆ ጭራ ክሩን ሲያስጮኸው የሚከናወነውም ይኸው ሂደት ነው።

4. የውስጡ አየር ሬዞናንስ። በጎማውና በቸርኬው መካከል ያለው አየር እንደ ቀለበት የተጠመዘዘ ቱቦ ነው። በዚህ ቀለበት አንድ የሞገድ ርዝመት በትክክል ሲገጥም አየሩ በራሱ ድግግሞሽ አብሮ ይርገበገባል፤ ሬዞናንስ የሚባለው ይህ ነው። ከላይ በጠቀስነው ጎማ የቀለበቱ አማካይ ዙሪያ 1.6 ሜትር ያህል ነው። በ20 ዲግሪ ሴልሲየስ የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 343 ሜትር ስለሆነ፣ 343ን ለ1.6 ስናካፍል 215 ኸርዝ ገደማ እናገኛለን። መኪናው ጉድጓድ ወይም የድልድይ መጋጠሚያ ሲረግጥ እንደ ከበሮ የሚያስተጋባው ድምፅ ብዙውን ጊዜ የዚህ ውጤት ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነጥብ አለ። ጎማውን ብንነፋው ወይም ብናስተነፍሰው ይህ ቃና እምብዛም አይለወጥም። ግፊቱ ሲጨምር የአየሩ እፍግታም በዚያው መጠን ስለሚጨምር የድምፅ ፍጥነት አይቀየርምና። ቃናውን የሚወስኑት የጎማው መጠንና የአየሩ ሙቀት ናቸው።

እነዚህን ሁሉ የሚያጎላ አንድ ነገር ደግሞ አለ። ክብ የሆነው ጎማ ጠፍጣፋውን መንገድ በሚነካበት ቦታ፣ በፊትና በኋላ በኩል ወደ ውጭ እየሰፋ የሚሄድ ክፍተት ይፈጠራል። ይህ ቅርጽ የመለከት አፍ ነው። ከጠባቡ ጥግ የተነሣው ትንሽ ድምፅ በዚህ መለከት እየሰፋ ሲወጣ በአንዳንድ ድግግሞሾች ከ10 እስከ 20 ዴሲቤል ሊጎላ ይችላል። የጎማ ድምፅ በአብዛኛው በ800 እና በ1,000 ኸርዝ አካባቢ የሚበረታውም በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው።

የፍጥነትና የመንገድ ድርሻ

የጎማ ድምፅ ኃይል በግምት ከፍጥነቱ ሣልሳዊ ርቢ ጋር አብሮ ያድጋል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የድምፁ ኃይል 8 እጥፍ ይሆናል፤ ይህም 9 ዴሲቤል ነው። ከ100 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ዝቅ ብንል ደግሞ 0.8 በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ 0.51 ስለሚሆን የድምፁ ኃይል በግማሽ ይቀንሳል። አንዲት ሳንቲም የማያስወጣ መፍትሔ ቢኖር ይህ ነው።

የመንገዱ ገጽ ድርሻም ከጎማው አያንስም። በሬንጅ ላይ ጠጠር ተበትኖ የተሠራ ሻካራ መንገድ ጎማውን አጥብቆ ያንቀጠቅጣል። በከተሞቻችን የውስጥ ለውስጥ መንገዶች የተነጠፈው ኮብልስቶን ደግሞ ብዙ የሥራ ዕድል የፈጠረና ረጅም ዕድሜ ያለው ቢሆንም፣ በየድንጋዩ መጋጠሚያ ጎማውን ስለሚመታ ከአስፋልት የበለጠ ይጮኻል። ስለዚህ ፍጥነት በሚበዛበት መንገድ ላይ አይመረጥም።

የመንገድን ድርሻ በትምህርት ምክንያት በአውሮፓ በቆየንባቸው ዓመታት በግልጽ አይተነዋል። በኔዘርላንድስ አውራ ጎዳናዎች ላይ በስፋት የሚነጠፈው አስፋልት ከይዘቱ አምስት አንድ እጅ ያህሉ ባዶ ቀዳዳ ነው። የዝናብ ውሃ በቀዳዳዎቹ ይሰርጋል፤ በጎማው ሥር የሚጨመቀው አየርም መውጫ ያገኛል፤ ከመለከቱ የሚወጣው ድምፅ ከፊሉ በዚያው ተውጦ ይቀራል። እንዲህ ያለው መንገድ በአዲስነቱ ድምፅን ከ3 እስከ 5 ዴሲቤል ሊቀንስ ይችላል። ወደ ቤልጅየም ስንሻገር የድንበሩን ምልክት ሳናይ በፊት ጆሯችን ያውቀው ነበር። መኪናው ያው፣ ጎማው ያው፣ ፍጥነቱም ያው ሆኖ የተለወጠው መንገዱ ብቻ ነበርና ከዚህ የተሻለ የቤተ ሙከራ ማስረጃ አይገኝም። ይህ አስፋልት ግን ቀዳዳዎቹ በአቧራና በጭቃ ሲደፈኑ ጥቅሙን ያጣል፤ ዕድሜውም ከተለመደው ያጥራል።

ድምፁን አድምጦ መንስኤውን መለየት

የብልሽት ድምፅ ከተለመደው የጎማ ድምፅ የሚለይበት መንገድ አለ። የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል መጠየቅ ይጠቅማል።

ሀ. ድምፁ ከማርሽ ጋር ይለወጣልን? በአንድ ፍጥነት፣ ለምሳሌ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር፣ በሦስተኛና በአራተኛ ማርሽ ብንነዳ የጎማው ዙር አንድ ሲሆን የሞተሩ ዙር ይለያያል። ቃናው ከተለወጠ ምንጩ ከሞተሩ ወገን፣ ካልተለወጠ ከጎማው ወገን ነው። ይህን ለማወቅ ብሎ ማርሹን ነጻ አድርጎ ቁልቁለት መውረድ ግን ፈጽሞ አይገባም።

ለ. ከመንገዱ ገጽ ጋር ይለወጣልን? ከሻካራ ወደ ለስላሳ አስፋልት ሲገባ ድምፁ ከቀነሰ ምንጩ ጎማው ነው። የኩሽኔታ ጉርምርምታ ለመንገዱ ገጽ ደንታ የለውም።

ሐ. ከመሪ ጋር ይለወጣልን? መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ በቀኙ ጎማ ላይ ይበረታል። ያን ጊዜ ጉርምርምታው ከጨመረ የቀኙ ኩሽኔታ ሊጠረጠር ይገባል፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፍም እንዲሁ የግራው።

መ. ከድምፅ ይልቅ ንዝረት ነውን? ጎማው በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ 11 ጊዜ እንደሚዞር አይተናል። የሰው ጆሮ ከ20 ኸርዝ በታች ስለማይሰማ የባላንስ ጉድለት በጆሮ ሳይሆን በመሪው ወይም በመቀመጫው መንቀጥቀጥ ይታወቃል። ስለዚህ ጉርምርምታን በባላንስ ለማጥፋት መሞከር ብዙውን ጊዜ ከንቱ ድካም ነው።

ሠ. በዝግታ ሲነዳ የሚቆጠር ምት አለውን? ይህ ከሁሉ የሚያሰጋው ነው።

አሁን ወደ ታሪካችን እንመለስ። መኪናችን ከኋላ በኩል መጮኽ ስትጀምር አንድ ጋራዥ ችግሩ ኩሽኔታ ነው ብሎ ቀየረልን። ሌላው ባላንስ ነው ብሎ ሁለት ጊዜ አስተካከለልን። ድምፁ ግን አልጠፋም። እኛም ሬዲዮውን ጨምረን ለወራት ወደ አዳማ ተመላለስን። አንድ ቀን ወደ ክፍያ ጣቢያው ስንጠጋ ፍጥነት ቀንሰን ሳለ ልጃችን «አባባ፣ መኪናው እንደ ሰው ይራመዳል» አለን። ሬዲዮውን ዘግተን ስናዳምጥ እውነትም ዱብ ዱብ የሚል ምት ነበር። ጭር ወዳለ መንገድ ገብተን ፍጥነቱን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ላይ አጽንተን ምቱን ቆጠርነው፤ በ10 ሰከንድ 28 ሆነ። በዚህ ፍጥነት መኪናው በ10 ሰከንድ 55.6 ሜትር ይሄዳል። ይህን ለጎማው ዙሪያ፣ ለ2 ሜትር፣ ስናካፍል 28 እናገኛለን። ምቱ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ የሚከሰት ነበር ማለት ነው። ይህ የሚያመለክተው በአንድ ጎማ ላይ ያለን አንድ ቦታ ነው።

ቀስ ብለን ቅርብ ወዳለ ጎሚስታ ሄድን። የኋላ ቀኙ ጎማ ሲወርድ በውስጠኛው ትከሻው፣ ከውጭ በማይታይበት ቦታ የእንቁላል ግማሽ የሚያህል እብጠት ተገኘ። የውስጡ ሽቦ ከጎማው ተላቅቆ ነበር። ጎሚስታው «ጌታዬ፣ ይህ በሙቀት ላይ ፈንድቶ ቢሆን ኖሮ አይተርፉም ነበር» አለን። የምርት ቁጥሩን ስናነብ፣ ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ ነው ተብሎ የተሸጠልን ጎማ በተገዛበት ቀን የዘጠኝ ዓመት ዕድሜ እንደ ነበረው ተረዳን። ሞገድን ለሌሎች ስናስተምር የኖርን ሰዎች የገዛ መኪናችንን ሞገድ አለማዳመጣችን እስከ ዛሬ ያሳፍረናል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

የምርት ዘመኑን ማንበብ። በጎማው ጎን ላይ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚሉት ፊደላት ጋር ከሚጻፈው መለያ መጨረሻ ላይ አራት አኃዞች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳያሉ። 2319 ማለት የ2019 23ኛ ሳምንት ነው። ጎማ ሲያረጅ ይደርቃል፤ የደረቀ ጎማ ይበልጥ ይጮኻል፤ መሬትም አይቆነጥጥም። ብዙ አምራቾች ጥርሱ ባያልቅም ከ10 ዓመት በላይ እንዳይነዳ ይመክራሉ።

በመዳፍ መዳሰስ። መኪናው በቆመበት መዳፍን በጥርሶቹ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማንሸራተት ነው፤ የተላቀቀ ሽቦ ሊኖር ስለሚችል በጥንቃቄ ይሁን። በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ ሻካራ ከሆነ ጥርሶቹ ተንሸዋርረው አልቀዋል። ይህ የጉርምርምታ የተለመደ ምክንያት ነው። መፍትሔው በየ8,000 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር የፊትና የኋላ ጎማዎችን ማቀያየር፣ አላይመንቱን ማስተካከልና መካኒኮች ሾክ አብዞርበር የሚሉትን የንዝረት ማብረጃ ማስመርመር ነው።

ግፊቱን መጠበቅ። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ ይደርቅና ምቱን ያጎላል። ይሁን እንጂ መኪናው እንዲለሰልስ ብሎ ከልክ በታች ማድረግ እጅግ አደገኛ ነው። ጎማው በየዙሩ ከመጠን በላይ ስለሚታጠፍ ይግላል፤ በቆላ ሙቀትና በጭነት ላይ ሲሆን ሊፈነዳ ይችላል። ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር መቃን ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ ነው።

ሲገዙ መምረጥ። በአውሮፓ ኅብረት የጎማ መለያ ላይ የውጭ ድምፁ በዴሲቤል ይጻፋል፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ኤ፣ ቢ እና ሲ በሚሉ ደረጃዎች ይመደባል። ልኬቱ መኪናው ሞተሩ ጠፍቶ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ከመንገዱ መካከል በ7.5 ሜትር ርቀት በተተከለ ማይክሮፎን የሚወሰድ ነው። ጎኑ እስከ 185 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ የቤት መኪና ጎማ ከ70 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይፈለጋል። ይህ ቁጥር በመኪናው ውስጥ የሚሰማውን ሳይሆን የውጭውን ድምፅ እንደሚያሳይ ማስታወስ ይገባል። በአጠቃላይ ጠበብ ያለና ጥርሱ ለአስፋልት የተሠራ ጎማ፣ ሰፊና ለጭቃ የተሠራ ትልልቅ ጥርስ ካለው ጎማ ያነሰ ይጮኻል።

መኪናውን መሸፈን። ድምፅ ወደ ውስጥ የሚገባው በሁለት መንገድ ነው። ከ500 ኸርዝ በታች ያለው በአብዛኛው በቸርኬው፣ በእገዳውና በገላው ብረት በኩል በንዝረት መልክ ይገባል፤ ከዚያ በላይ ያለው በአየር። ስለዚህ ያረጀ የበር ላስቲክ መቀየር ሹክሹክታውን ይቀንሳል፤ ዝቅተኛውን ጉርምርምታ ግን አይነካውም። ለእርሱ በወለሉ ብረት ላይ የሚለጠፍ ከባድ ንዝረት አብራጅ ንጣፍ ወይም በውስጡ ስፖንጅ የተለጠፈበት ጎማ ይሻላል። ይህ ሁሉ ግን ጎማው ጤነኛ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የሚደረግ ነው። የታመመ ጎማን ድምፅ በንጣፍ መሸፈን እኛ በሬዲዮ ካደረግነው የተለየ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ እናክል። ቦይ የሌለው ሊሾ ጎማ በለስላሳ አስፋልት ላይ ያነሰ ሊጮኽ ይችላል። ቦዮቹ የተሠሩት ግን የዝናብን ውሃ ከጎማው ሥር ለማስወጣት ነው። በብዙ ሀገሮች የጥርስ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ በሕግ የተወሰነውም ለዚሁ ነው። በክረምት መንገድ ጸጥታን በሕይወት መግዛት አይገባም።

ማጠቃለያ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የመንገድ ትራፊክ ድምፅ በቀኑ አማካይ ከ53፣ በሌሊት ደግሞ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን መክሯል፤ ከዚያ በላይ የሆነው ከጤና ጉዳትና ከእንቅልፍ መታወክ ጋር የተያያዘ ነውና። የኤሌክትሪክ መኪና መስፋፋት በየመንደሩ ያለውን ሁካታ ይቀንሰዋል፤ በፈጣን መንገዶች ዳር ለሚኖሩት ግን ብቻውን ብዙ እረፍት አያመጣም። በዚያ የሚፈለገው በፍጥነት ላይ ልክ ማበጀት፣ ለመንገዱ ገጽ መጠንቀቅና ጥሩ ጎማ መጠቀም ነው።

አሽከርካሪው ደግሞ ነገ ጠዋት ሊያደርገው የሚችለው ቀላል ሙከራ አለ። ጭር ባለ መንገድ ላይ ሬዲዮውን ዘግቶ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየነዳ ጥቂት ያዳምጥ። ወጥ የሆነ ሹክሹክታ ከሰማ መልካም ነው። በየዙሩ አንድ ጊዜ የሚመላለስ ምት ከሰማ ግን ጉዞውን አቁሞ ጎማዎቹን በውስጥም በውጭም ያስመርምር።